ትንሽ ነገር ነው የቀራት

በአዲስ አበባ ግቢዎች ከውሻና ከተበላሸ ፍሪጅ ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው የማይሄድ ሞተር ሳይክል ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ሸራ፣ አንዳንዱ የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ከግንቡ ጥግ ይቆማል። ልብስ ይሰጣበታል፤ ዶሮ ያድርበታል፤ የሰፈር ልጆች ተቀምጠውበት በአፋቸው ሞተር እያስነሱ ሐዋሳ ደርሰው ይመለሳሉ። ባለቤቱን ከጠየቃችሁት ግን አልተበላሸም። «ትንሽ ነገር ነው የቀራት» ይላችኋል። በባለቤቱ አፍ ሁሌም ሴት ናት፤ በሚስቱ አፍ ግን «ያ ብረት» ነው።

ይህች ትንሽ ነገር ዕድሜዋ ረጅም ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ትንሽ ነገር የቀራቸው ሞተሮች አሉ። መንግሥት ተለውጧል፣ ሕገ መንግሥት ጸድቋል፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተመርቀዋል። ትንሿ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አላደገችም፣ አልቀነሰችም።

እኛ ግቢ ያለችው ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ገጠር የሠራ ሰው ዲቲን ያውቃታል፤ የግብርና ባለሙያውን፣ የክትባት ሠራተኛውን፣ የፕሮጀክት ተቆጣጣሪውን ተሸክማ ጭቃውንና ኮረኮንቹን ስትፈጭ የኖረች ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጨረታ ይወጣባታል። ጋሼም ያገኟት በጨረታ ነው (ግቢው በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም በዚሁ ልቀጥል)። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጡረታቸው ሲቃረብ «ሰበታ ያለችኝን ቦታ እየተመላለስኩ አያለሁ» ብለው ገዟት። ሰበታ እስከ ዛሬ የሚሄዱት በታክሲ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሰማያዊ ቱታቸውን ይለብሳሉ። ጋዜጣ ይነጠፋል። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ቁልፉ በመጠን በመጠኑ ይደረደራል። የተፈታ ብሎን ጋዜጣው ላይ ይቀመጥና ከጎኑ በእስክሪፕቶ ቁጥር ይጻፍለታል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያየ ሰው ሲገጠም ምንም አይተርፍም ብሎ ያስባል። ይተርፋል። ድሮ መሥሪያ ቤት ሳሉ አንድ ሳንቲም ሲጎድል መዝገብ ላይ ያድሩ የነበሩ ሰው፣ ሦስት ብሎንና አንድ ሞላ እጃቸው ላይ ሲቀር «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ብለው ጣሳ ውስጥ ይከቱታል። ጣሳው አሁን ሁለተኛ ሞተር ሊወጣው ትንሽ ነው የቀረው።

በር ላይ ደግሞ ታዳሚው ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ሳይጠየቅ «ካንዴላው ነው» ይላል። ሁለተኛው «ካርቡራተሩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ነው፤ «የዚህ ዕቃ እዚህ አይገኝም» ይላል። ቡና ይመጣል። ሞተሯ አልተነሳችም፤ ቀኑ ግን አምሮበታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥገና ታዳሚ አለው፣ እንክብካቤ የለውም። ሰንሰለት ዘይት መቀባት፣ የአየር ፊልትሮ ማጠብ፣ የፍሬን ሸራ ማየት ማንም ቆሞ የማያየው ሥራ ነው። «ጋሼ ዛሬ ሰንሰለት አጸዱ» ብሎ የሚያወራ ጎረቤት የለም። «ጋሼ ሞተር አወረዱ» ግን ከታች ሰፈር ድረስ ይሰማል። ሰው ደግሞ ትኩር ብለው ሲያዩት ትንሽ ነገር ነክቶ መነሳት አይሆንለትም፤ መክፈት አለበት፤ ከከፈተ ደግሞ ጠልቆ መክፈት አለበት።

የመክፈቱ ነገር ከብሎኑ ይጀምራል። የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ባለ መስቀል ብሎን ከሱቅ ከምንገዛው ካቻቢቴ ጋር የሚስማማ ይመስላል እንጂ ልኩ ሌላ ነው። ጃፓኖች የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ የተለመደው የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ ከመስቀሉ ሥር ሳይደርስ ይቆማል። ጠበቅ አድርገው ሲያዞሩት ተንሸራቶ ይወጣል፤ ሲወጣም የመስቀሉን ጠርዝ ይልጠዋል። ሦስቴ ከተንሸራተተ በኋላ መስቀሉ ጠፍቶ ክብ ጉድጓድ ብቻ ይቀራል። ታዳሚው በአንድ ድምፅ «ዝጓል» ይላል። መዶሻና መሮ ይመጣል። ልኩን ካቻቢቴ ፈልጎ መግዛት ይቻል ነበር፤ ግን ካቻቢቴ ፍለጋ ሲሄዱ ማን ያያል?

ቀጥሎ ካርቡራተሩ ነው። ቤንዚን ታንክ ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። ዝቃጩ መጀመሪያ የሚዘጋት ሞተሩ ቆሞ ሲያንኮራኩር ቤንዚን የምታሳልፈውን ከግማሽ ሚሊሜትር የምታንስ ቀዳዳ ነው። መድኃኒቷ ማጽጃ ፈሳሽና የአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ መንገዱን ተሻግሮ ካለው ጎማ ቤት ይገኛል። ጋሼ ግን ከኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ሽቦ ይመዛሉ። ቀዳዳዋ ያለችበት ናስ ነው፣ ናስ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ ገባ ወጣ ሲልባት ትሰፋለች። ከዚያ በኋላ ሞተሯ ከሚገባት በላይ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ አትነሳም። መጀመሪያ «ካንዴላው ነው» ያለው ሰውዬም በሚቀጥለው እሁድ ትክክል ሆኖ ይገኛል።

ሞተሯ ጨርሶ ሄዳ አታውቅም ማለቴ ግን አይደለም። የሄደችበት ዘመን ነበረ፤ ያ ዘመን የመጣበት መንገድ ግን ጋሼ ሲተርኩትና ባለቤታቸው እትዬ ሲተርኩት የተለያየ ነው።

አንድ ፋሲካ ሲቃረብ ጋሼ ታንኩን ቀይ ቀለም ቀቡ። ከነክዳኑ፣ ሁለቴ ደራርበው። እንዲህ አምራባቸው አታውቅም። አስነስተው ሰፈሩን ሲዞሩ ግን አሥር ደቂቃ ያህል ሄዳ ሳል ሳል ይላትና ትጠፋለች። ወርደው ቤንዚን እንዳለ ለማየት ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ቤንዚን አለ። ክዳኑን ዘግተው፣ ላባቸውን ጠርገው ሲረግጧት ትነሳለች። አሥር ደቂቃ። ደግሞ ትጠፋለች። ታዳሚው ተሰበሰበ። «ስትሞቅ ኮይሉ ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይበረታል» የሚል ፍርድ ወጣ። ኮይል ተገዛ። ያው ሆነች። የካንዴላ ገመድ ተገዛ፣ ካንዴላ ተገዛ፣ ከዚያም ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሳጥን ብዙ ብር ወጥቶበት ተገዛ። ደረሰኙ ሁሉ ፋይል ውስጥ ገባ። ሞተሯ በአሥረኛው ደቂቃ መጥፋቷን አልተወችም።

ጋሼ ታዲያ ተላመዷት። በየመንገዱ ቆም ብለው ክዳኑን ከፍተው፣ አየት አድርገው፣ ዘግተው ይቀጥሉ ጀመር። «ቤንዚኗን ስታይላት ደስ ይላታል» እስከ ማለት ደረሱ።

እትዬ በረንዳ ላይ ሰፌድ እየሰፉ ይህን ለብዙ ቀን አይተዋል። አንድ ቀን «እርስዎ ሰውዬ፣ ይቺ የምትነሳው ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ክዳኗን ሲከፍቱላት ነው እኮ» አሉ። ጋሼ አልመለሱም፤ ስለ ኮይል ሴት ምን ታውቃለች የሚል ፊት ብቻ አሳዩ። እትዬ ተነሥተው ክዳኑን ገለበጡት። ከመሐሉ የመርፌ ዓይን የምታክል የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ነበረች፤ ቀዩ ቀለም ደፍኗታል። አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ ቤንዚኑም ወደ ታች መውረዱን ያቆማል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በሚሰፉበት ወስፌ ወጋ አደረጓትና ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሯ በአሥረኛው ደቂቃ ጠፍታ አታውቅም።

ደስታ ይሆናል ብዬ ነበር። ጋሼ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ከፍቷቸው ሰነበቱ። ያ ሁሉ ደረሰኝ፣ ያ ሁሉ እሁድ፣ ያ ሁሉ ታዳሚ በወስፌ ጫፍ ሲያልቅ ከባድ ነው። አሁን ለእንግዳ ሲያወሩት «የኤሌክትሪክ ችግር ነበረባት፤ በብዙ ልፋት ደረስኩበት» ነው የሚሉት። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወስፌውን ከፍ አድርገው ያሳዩና ዝም ይላሉ።

በዚያ ወርቃማ ዘመን ጋሼ አዳማ ደርሰው ተመልሰዋል። ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ጉዞ ነው። ሲወርዱ ሞተሯ ቀስ በቀስ እየተሻላት፣ እየቀለላት ሄደች። አዳማ አንድ ጋራዥ ገብተው ልጁ ሁለት ብሎን አጥብቆ ሒሳብ ተቀበላቸው። «የአዳማ ልጆች እጅ!» አሉ ጋሼ። ሲመለሱ ቢሾፍቱ ላይ መክበድ ጀመረች፤ ቃሊቲ ስትደርስ እንደ ድሮዋ ሆነች። «ያዲሳባ ቤንዚን ውሃ አለበት ማለት ነው» ብለው ደመደሙ።

ቤንዚኑም ልጁም የሉበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዳማ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ ለክቶ የሰጠውን ቤንዚን ያፈስሳል፤ ሞተሯ አየር አንሷት፣ ቤንዚን በዝቶባት ትታፈናለች። ቀዳዳዋ በሽቦ የሰፋች ከሆነች ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች አንዲት ትንሽ የናስ ቁራጭ መቀየር ነበር።

ይህን ለጋሼ የነገራቸው ሰው አልጠፋም። ከታዳሚው አንዱ፣ የፊዚክስ መምህር፣ «አየሩ ስስ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው። ጋሼም ሰሙት፤ ከሰሙ በኋላ ግን ያደረጉት የአየር ፊልትሮውን አውልቆ መጣል ነው። «ስሱን አየር ይሄ ስፖንጅ ይሻማታል» አሉ። የሚገርመው ነገር ሠራ! ፊልትሮው ሲወጣ አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑና አየሩ ተመጣጠኑ፣ ሞተሯ ፈንጠዝያ ላይ ወጣች። ስህተት እንዲህ ወዲያው ሲሸለም ማንም ሊያርመው አይችልም። ጋሼ ለሦስት ሰው መክረው ሦስቱም ፊልትሯቸውን አወለቁ። ስፖንጁ ወጥ ቤት ገባ።

የሰፈራችንን የኮልፌን አቧራ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል። ያ አቧራ ከአየሩ ጋር እየገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ሲፈጫቸው ከረመ። ዘይቱም አላዳናቸውም። ያማሃ የባለ ሁለት ምት ሞተሮቹን ዘይት በልኩ እየመጠነ የሚሰጥ ፓምፕ ከ1960ዎቹ ጀምሮ (እንደ ፈረንጆቹ) ይገጥማል፤ ጋሼ ፓምፑን «አላምነውም» ብለው አስወግደው ዘይቱን በዓይናቸው እየለኩ ቤንዚን ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ዓይናቸው ልበ ሰፊ በሆነበት ሳምንት ግቢው በጢስ ይታጠናል፤ በቆጠበበት ሳምንት ደግሞ ፒስተኑ ደርቆ ያፏጫል። በመጨረሻ ሞተሯ ዳገት አልወጣም አለች።

ጋሼ ሶማሌ ተራ ወርደው የፒስተን ፋሻ ጠየቁ። አብሬያቸው ነበርኩ።

«የጃፓን አለ፣ የታይዋን አለ፣ የቻይና አለ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው ልጄ?»

«ዋጋው ነው አባት።»

የጃፓኑን ገዙ። ካርቶኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ጃፓንን በተሳሳተ ፊደል ነው የጻፋት፤ እኔም አንብቤ ዝም አልኩ፤ ደስታቸውን ማን ያበላሻል።

የተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ማስገባት ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት፣ ከዚያ በልኩ ተለቅ ያለ ፒስተን መግጠም ያስፈልጋል። ግን ቶርኖ ቤት ከተወሰደ ታዳሚው ምን ያያል? እሁድ ተገጠመ። በባለ ሁለት ምት ፒስተን ላይ ፋሻው እንዳይዞር የምትይዘው ቁንጫ የምታክል ፒን አለች፤ የፋሻው ሁለት ጫፎች እሷን መሐል አድርገው መግጠም አለባቸው። አንደኛው ጫፍ ፒኗ ላይ ወጥቶ ነበር። ጋሼ ሲሊንደሩን ከላይ ወደ ታች ገፉት፤ እምቢ አለ። ታዳሚው «ትንሽ ጨምሩበት» አለ። ጨመሩበት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ጉዳይ እንዳለበት ትዝ አለው።

መንግሥት የደረሰላቸው በዚህ ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የከተማው አስተዳደር፣ በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ዝርፊያ በዝቷል ብሎ፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። የዕለት እንጀራቸውን በሞተር የሚያገኙ ወጣቶች አዘኑ፤ ጋሼ ግን ከንፈር መጠጥ ከማድረግ አልፈው የተከፉ አይመስሉም ነበር። ፒስተኗ በጆንያ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ያለች ሞተር በመንግሥት ታገደች። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ «ተከለከልን እኮ» ነው መልሳቸው። እንዲህ ዓይነት ይፋዊ ምክንያት ማግኘት ለማይሄድ ሞተር ባለቤት ከፍ ያለ ዕድል ነው።

ግቢያችን ውስጥ ሌላም ሞተር አለ፤ ስለሱ ማንም አያወራም እንጂ። የወጣቱ ተከራይ ነው፤ ፈቃድ ካለው ዕቃ አድራሽ ድርጅት ይሠራል። ቻይና ሠራሽ 125 ሲሆን ሞተሩ የሆንዳ ሲጂ 125 ግልባጭ ነው። የሆንዳ መሐንዲሶች ጠባያችንን ያወቁት ገና በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሞተሮቻቸው በታዳጊ አገሮች እንዴት እንደሚኖሩ ዞረው ሲያዩ ዘይት በጊዜው አይቀየርም፣ ሰንሰለት አይጸዳም፣ ጭነት ከልክ ያልፋል። ሰውን ከማረም ሞተሩን ማረም ይቀላል አሉ መሰለኝ። ከላይ ያለውን ስስ ሰንሰለትና ካምሻፍት ትተው ቫልቮቹ ከታች በዘንግ የሚገፉበትን የቆየ ዘዴ መለሱ፣ የኋላውንም ሰንሰለት በሽፋን ከደኑት። ሲጂ 125 እንዲህ ተወለደ፤ ቻይናዎች ደግሞ በልተው እስኪጠግቡ ገለበጡት።

ልጁ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ በእጅ ባትሪ እያበራ አንድ ሊትር የማትሞላ ዘይቱን ይቀይራል፣ ሰንሰለቱን ያጠብቃል፣ ፊልትሮውን ያራግፋል። ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ቡና አይፈላለትም። ጠዋት አንድ ጊዜ ረግጦ ይሄዳል። አንድ እሁድ ታዳሚው መሐል ገብቶ «ጋሼ፣ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ብንወስደው...» ብሎ ጀምሮ ነበር። አላስጨረሱትም። «አንተ ስለ ሞተር ምን ታውቃለህ» አሉት፣ «ያንተ ተበላሽቶ አያውቅ።»

በቅርቡ እትዬ ቆረጡ፤ ያ ብረት ካልተሸጠ የሚያሰጡትን ልብስ ዝገት ሊጨርስባቸው ነው። ጋሼ እያቅማሙ እሺ አሉ። ከቡታጅራ አካባቢ አንድ ገዢ ተገኘ፤ እዚያ ሞተር አይከለከልም፤ ዲቲንም ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል። ሰውዬው መጣ፣ ዞሮ አያት። ጋሼ ፋይላቸውን ይዘው ወጡ። የኮይሉ፣ የሳጥኑ፣ የፋሻው፣ የሦስት ካርቡራተር ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል ተወግቶ፣ ከሥሩ ድምሩ በቀይ እስክሪፕቶ ተሰምሮበታል። የጠየቁት ዋጋ ድምሩን ነው፤ ሞተሯን እንደ ምራቂ መሆኑ ነው። ገዢው ሳቀ። ቀጥሎ ሳያስበው መሰለኝ፣ ቁጢጥ ብሎ ካርቡራተሩን በጣቱ ነካ አደረገና «ይቺን ማን ነው በሽቦ የነካት?» አለ። ጋሼ ጋዜጣ አመጡ።

ሰውዬው ያን ቀን ቡታጅራ የተመለሰው በመጨረሻው መኪና ነው። በሚቀጥለው እሁድ የራሱን ካቻቢቴ ይዞ መጣ፤ በሦስተኛው ቱታም ይዞ። እትዬ ስኒ ጨምረዋል፤ እያጉረመረሙ ነው። ካንዴላው ነው የሚለው ሰውዬ ገዢውን እንደ ተቀናቃኝ ያየዋል። ባለፈው እሁድ ሁለቱ ፍሪሲዮኑን ፈትተው ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ፤ ስለ ዋጋው ገና አልተነጋገሩም።